ስልኳን የፈታሁበት ክረምት

እኔ ሰው ሲያወራ እስኪጨርስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ይህን የምለው በኩራት አይደለም፤ ምን እንዳሳጣኝ ስለማውቅ ነው። ቁርስ ሲቀርብልኝ ቆሜ ነው የምበላው። እንግዳ መጥቶ ሲያጫውተኝ እኔ በሩ ላይ ተደግፌ ዓይኔ መንገድ መንገዱን ያያል። እናቴ «አንተን አላህ ሲፈጥርህ እግር ላይ ብዙ ቆየና ጆሮ ላይ ሲደርስ መሸበት» ትለኝ ነበር። እኔም እየሳቅኩ ወጥቼ እሄዳለሁ፤ ቀጥላ ምን እንደምትል አልሰማሁም።

ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ አጠገብ የሰፈሩ ናቸው። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ጊታር የነካሁት እዚያው ነው፣ በደርግ ጊዜ ለሰፋሪው ተብሎ በተቋቋመ የኪነት ቡድን ውስጥ። ጊታሩ የምሥራቅ ጀርመን ሥራ ሲሆን እኔ ዘንድ እስኪደርስ ያላየው መከራ የለም። መጀመሪያ ቀይ ነበር፣ ኋላ አንዱ ተነሥቶ አረንጓዴ ቀባው። አንገቱ ተሰብሮ በሁለት ብሎን ተይዟል። ክር መወጠሪያዎቹ ሦስቱ የራሱ፣ ሦስቱ ከሌላ ጊታር የተነቀሉ ናቸው። ደርግ ሲወድቅ ቡድኑ ተበተነ፤ ጊታሩም ከአሮጌ ባንዲራና ከተሰበረ ወንበር ጋር መጋዘን ገባ። ክልሉ አዲስ ሲመሠረትና የባህል ቡድን ይቋቋም ሲባል እሱንም ከመጋዘን፣ እኔንም ከእርሻ አወጡን።

ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ፒክአፕ ተራ እንጨት ነው። ፒክአፕ የምንለው ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። ክሩ ሲርገበገብ ያንን ሰምቶ ለአምፕሊፋየሩ የሚነግረው እሱ ነው። የኔ ጊታር ሁለት ነበሩት። አንደኛው በደርግ ጊዜ ሞቶ፣ ገበያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግነው የወለጋ ሰው በቦታው የአሮጌ ስልክ ማዳመጫ ከፍቶ ማግኔቱንና ጥቅሉን ቀበረበት። አልቀለደም፣ ሠራለት። «ስልኳ» እንላት ነበር። ድምፅዋ ግን ቀጭን፣ ጉንፋን የያዛት ሴትዮ በአፍንጫዋ የምታወራ የሚመስል ነበር፤ ሰው ሲስቅባት ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ሁልጊዜ በሌላኛው ፒክአፕ ነበር የምጫወተው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚህ ክረምት በፊት በነበረው መኸር ማግስት በተደረገ የሕዝብ ስብሰባ ላይ፣ ማቀያየሪያው ቁልፍ አልዞር ብሎኝ አንድ ሙሉ ዜማ በስልኳ ተጫውቻለሁ። በእፍረት አንገቴን ደፍቼ ነበር የጨረስኩት።

በሚቀጥለው ሰኔ የቡድናችን ኃላፊ ሰበሰበን። ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ ከአዲስ አበባ መራጮች እንደሚመጡና ለአንድ ትልቅ ዝግጅት የሚሄዱትን እንደሚለዩ ነገረን። ዋዛው ዋናው እንደሆነ ግልጽ ነው። ዋዛ የበርታ ሰዎች ከቅል ቆራርጠው፣ አንዱን በአንዱ ቀጥለው የሚሠሩት ረጅም መለከት ነው። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ ይነፋዋል፤ አንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ይሄዳል። ኃላፊው ስለሱ ተናግሮ ሲያበቃ ወደኔ ዞረና በፈገግታ «ጊታር ግን የየትኛው ብሔረሰብ መሣሪያ ነው?» አለ። ቤቱ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሰውየው የጠየቀው ስለ ጊታር ነው፣ እኔ ግን የሰማሁት ስለራሴ ነው። በርታው በርታ ነው፣ ጉሙዙ ጉሙዝ ነው፣ ሺናሻው ሺናሻ ነው። እኔ ቁጥር ካለው መንደር የመጣሁ የወሎ ልጅ፣ በዚህ አዲስ ክልል ውስጥ የት ነው የምቆመው? ከዋዛው ጋር ገጥሜ ከተመረጥኩ አበቃ፣ ጥያቄው ተመለሰ ማለት ነው። ካልተመረጥኩም ተመለሰ ማለት ነው፣ በሌላ በኩል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥም መቆምም አላስችል አለኝ።

በዚህ ላይ ክረምቱ ገባ። የአሶሳ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያሰማም፣ እርጥበቱም የማይገባበት የለም። ሐምሌ ሳይጋመስ ደህነኛው ፒክአፕ ጭጭ አለ። ጊታሩን ይዤ በጭቃ እየሮጥኩ ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ቀስ ያለ ነው፤ መነጽሩን ሦስቴ ሳይጠርግ ዕቃ አይነካም። ለካክቶ ለካክቶ «ይሄ ሞቷል። ስልኳ ግን ደህና ናት፤ እኔንም አንተንም ትቀብራለች» አለኝ።

«እሷን አትጥራብኝ፣ አዲስ ነው የምፈልገው» አልኩት።

አዲስ ፍለጋው ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነ። ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነገርኩ፤ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ለሚነግድ ሰውም ነገርኩ። አንዱ ቢቀር አንዱ ይደርሳል ብዬ ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ደረሱ። ሹፌሩ ያመጣው ባለ ሁለት ጥቅል፣ ወፍራም፣ ከባድ ነገር ነው። ነጋዴው ከካርቱም ያስመጣው ባለ አንድ ጥቅል፣ ነጭ ክዳኑ ወደ ቢጫ የሄደ አሮጌ ነው። እነሆ ምርጫ። ሰው ሁለት ነገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ያኔ ነው።

የከተማው መብራት የሚመጣው ማምሻውን ስለነበር የምሞክረው ከሰዓት በኋላ በባህል ቢሮው ጄነሬተር ነበር። የአዲስ አበባውን አስገባሁት። ድምፁ ሙሉ ነው፤ ወፍራም፣ ንጹሕ፣ የጄነሬተሩን ዝዝታ እንኳ አያሰማም። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ ከወንበሩ ተነሥቶ «አሁን ገና ጊታር ያዝክ» አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ ደግሞ ምናልባት የካርቱሙ ይሻል ይሆን ብዬ ያንን ነቅዬ ይህንን በየድኩ። ይሄኛው ብሩህ ነው፣ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል፤ ግን ጄነሬተሩ ሲነሣ አብሮ ዝዝ ይላል። ነቀልኩት። በሦስተኛው ቀን ዝዝታው ይቻል ነበር እኮ ብዬ መለስኩት። ሬዲዮ ጠጋኙ መበየጃውን ከእጄ እየተቀበለ «ሽቦው ፀጉር አይደለም፣ በቆረጥከው ቁጥር አያድግም» ይለኛል። እሺ እለዋለሁ፤ በማግስቱ ተመልሼ እመጣለሁ።

ያልገባኝ ነገር የትኛው ከዋዛው ጋር እንደሚገጥም ነበር። ዋዛን የማውቀው ከሩቅ ነው፣ ልጅ ሆኜ ከመንደራችን ማዶ ንፋስ ሲያመጣው። ከጎኑ ቆሜ ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ ነሐሴ ላይ የዋዛው መሪ ወደሆኑት ሽማግሌ ቤት ሄድኩ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሽመል አጥር ወደታጠረው ግቢ። ቀዝቃዛ የቀይ አበባ ሻይ፣ ከርከዴ፣ አቀረቡልኝ። ዋዛዎቹ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኛቸው ጣሪያ ሥር ተሰቅለው ተኝተዋል። እዚያው እንዳሉ አየኋቸው፣ ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል።

«አባባ፣ አንዷን ብቻ፣ ለአንድ አፍታ ይንፉልኝ። ጊታሬን በሷ ልለካ ነው» አልኳቸው።

«ያ ወለድ፣ ማሽላ ገና ቆማለች» አሉኝ በተሰበረ አማርኛቸው፤ «ያ ወለድ» በዓረብኛ «አንተ ልጅ» ማለት ነው። «ማሽላ ቆማ ዋዛ አይነሳም። አባቶችም አላነሱም፣ እኔም አላነሳም።»

«እሺ፣ በአፍዎ ያሰሙኝ።»

«በአፍም አይሆንም።» ሳቅ አሉ። «አንተ ስንት ድምፅ አለህ?»

«ጊታሩ ላይ? ኧረ ብዙ ነው።»

«ለዚህ ነው የማትቀመጥ። የኛ ሰው አንድ ብቻ አለው፣ እሱን ይጠብቃል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺ ትንሿ ደህና ነው? ባለፈው በስብሰባ የሰማሁት፣ ቀጭኗ?» አሉኝ።

«ስልኳ? አለች፣ ግን አይዞዎት፣ አዲስ አስመጥቻለሁ» አልኩ። ከርከዴውን ጨልጬ ተነሥቻለሁ።

«አዲስ አይደለም። እሷን አምጣ፣ እንዳለች አምጣ። እኔ ለሷ...» ሲሉ ሰማኋቸው። የቀረውን አልሰማሁም። ሽማግሌ ስለ ፒክአፕ ምን ያውቃል፣ ለአሮጌ ዕቃዬ አዝነው ነው ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ነበር፣ እሱም አለ።

መስከረም ላይ ቆረጥኩ፤ ሁለቱንም አስገባለሁ። የአዲስ አበባውን በሞተው ቦታ፣ የካርቱሙን በስልኳ ቦታ። ስልኳን ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳት። የካርቱሙን ስበይድ ግን ስንቴ የተነካካው የሽቦ ጫፍ ከሥሩ ቅንጥስ አለ። መቀጠያ የሚሆን ያን ያህል የቀጠነ ሽቦ ያለው ሬዲዮ ጠጋኙ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ወደ መንዲ ሄዷል። ሐሙስ ይመለሳል አሉኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሁለት ቀን።

ሁለት ቀን መታገሥ አቃተኝ። ዛሬም ድረስ ይሄን ስናገር ፊቴ ይግላል። ምን ቀበጥ እንዳደረገኝ አላውቅም፣ ስልኳን አነሣሁና የጥቅሏን ጫፍ ፈልጌ መፍታት ጀመርኩ። የምፈልገው አንድ ክንድ ነው። አንድ ክንድ ቆርጬ ባቆም ኖሮ ምንም አልነበረም፤ ግን ሽቦው ተጠላለፈብኝ፣ እኔም በብልሃት ማላቀቅ ሲገባኝ ጎተትኩት። ሦስት ቦታ ተበጠሰ። ደግሞ ጎተትኩ። መጨረሻ ላይ እጄ ውስጥ የቀረው የተጨማደደ የሽቦ ክምርና ራቁቱን የቀረ ማግኔት ነው። ይሁን፣ የኔ ሥራ ተሠርቷል አልኩና የካርቱሙን ቀጥዬ በየድኩ። ሠራ። ሐሙስ ሬዲዮ ጠጋኙ ሲመለስ ክምሩን አሳየሁት። መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። «ሐሙስ እኮ ዛሬ ነው» አለኝ።

ጊታሩ ግን አምሮበት ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲሠሩ ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መጥቶ ያዳምጣል። ኃላፊው ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። ጥቅምትን በሙሉ ልቤ እየዘለለ ከረመ። የየትኛው ብሔረሰብ ነህ የሚለኝ ቢመጣ የምሰጠውን መልስ ሁሉ አዘጋጅቼ፣ መንገድ ስሄድ ብቻዬን እለማመደው ነበር።

ማሽላው ታጨደ። ዋዛዎቹ ከጣሪያ ወረዱ። መራጮቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ለልምምድ በቢሮው መኪና ጄነሬተርና አምፕሊፋየር ጭነን ወደ ሽማግሌው መንደር ሄድን። ጠዋት ነበር፣ ፀሐዩ ገና አልከረረም። ሰዎቹ ከትልቁ ዋዛ እስከ ትንሹ በተርታ ቆሙ። በሰልፉ ጭራ፣ ከመጨረሻው ሰው በፊት፣ አንድ ሰው የሚያቆም ክፍት ቦታ ነበር። አየሁት፤ የቀረ ሰው አለ ብዬ አለፍኩ። አምፕሊፋየሬን ከሁሉም ፊት፣ ማንጎው ሥር ተከልኩ።

ጀመሩ። ከቅርብ ስሰማው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱ «ቡ» ይላል፣ ጎረቤቱ ያንን ሰምቶ የራሱን ይሰጣል፣ ሦስተኛው ይቀበላል፤ ድምፁ በሰልፉ ላይ ይሮጣል፣ ጭራው ጋ ሲደርስ ክፍቱ ቦታ ላይ አንዲት ትንፋሽ ያህል ይቋረጥና ተመልሶ ይነሣል። የኔ ጊዜ ነው ብዬ ገባሁ። ጊታሬ አገሩን ሞላው። ለጥቂት ጊዜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አራተኛው ሰው ተራውን ሳተ። ስድስተኛው ቀደመ። ለካ እያንዳንዱ የሚጠብቀው የጎረቤቱን ድምፅ ነው፤ እኔ ደግሞ ጎረቤትን ከጎረቤት አላሰማ ብያለሁ። ድምፁን ቀነስኩ፣ ከካርቱሙ ወደ አዲስ አበባው ቀየርኩ፣ ደግሞ መለስኩ። ሰልፉ ሁሉ ተበታተነና ዝም አለ።

ሽማግሌው ወደኔ መጡ። ጎንበስ ብለው ጊታሩን አዩት። ስልኳ የነበረችበትን ቦታ በጣታቸው ነኩት።

«ትንሿ የታለች?»

«ፈታኋት፣ አባባ» አልኩ።

አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ። የመጨረሻውን ዋዛ የያዘው ሰውዬ፣ አማርኛ ደህና የሚችለው፣ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ትንሽ ዋዛ ይነፋ የነበረው የሽማግሌው ወንድም ነው፤ አምና ከመኸር በፊት ሞተ። ከስብሰባው ሲመለሱ ሽማግሌው «የወንድሜን ድምፅ በዚያ ልጅ ጊታር ሰማሁት፣ ቦታውን ለሱ ተዉለት» አሉ። ሌላ ሰው እንዳይቆምበት ከለከሉ። ዓመቱን ሙሉ ያ ክፍት ቦታ የኔ ነበር።

«ነግሬዋለሁ ብለውን ነበር» አለኝ ሰውዬው።

«ስነግረው ተነሣ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረው «ኸላስ፣ በቃ» አሉና በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ሰዎቹ አንድ አንድ እርምጃ ተጠጉ። ክፍቱ ቦታ ተዘጋ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ገመዱን ነቅዬ ጠቀለልኩ። መራጮቹ መጡ፣ ሰሙ፣ ዋዛውን መረጡ፣ ሄዱ። እኔ ያን ቀን ጄነሬተሩን ነዳጅ ስሞላ ዋልኩ። ከየት ነህ፣ የማን ነህ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ መልስ ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄጄ «አስተምረኝ» አልኩት። ሌላ የሞተ ስልክ ፈልጎ ሽቦውን ሰጠኝ፣ ማግኔቱን ያንኑ የቀድሞውን ተጠቀምን። በእጅ መጠምጠም ነው፤ ትንሽ ካጠበቅክ ይበጠሳል፣ ትንሽ ካላላህ ይጠላለፋል፣ ከተበጠሰ ሀ ብለህ ትጀምራለህ። ስንቴ ሀ እንዳልኩ አልቆጠርኩም። እናቴ ለሰዓታት አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ ስታየኝ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰች። «ምነው፣ አመመህ?» አለችኝ፤ የምሯን ነው።

በሚቀጥለው መኸር ትንሿን አምፕሊፋየር በብስክሌት ጭኜ ብቻዬን ሽማግሌው መንደር ደረስኩ። ከመጀመራቸው በፊት አንድ ድምፅ፣ አንድ ብቻ፣ በባትሪ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «እሷ ናት» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ሰልፉ አመለከቱኝ። በጭራው፣ ያ ክፍት ቦታ በነበረበት፣ ትንሹን ዋዛ ይዞ የሟቹ ወንድማቸው ልጅ ቆሟል፣ ባለ ትዳር ጎልማሳ፣ ፊቱ ቁርጥ አባቱን ነው አሉኝ።

«ቦታው ተይዟል፣ ያ ወለድ» አሉኝ ሽማግሌው፣ በደግ ድምፅ። «ተቀመጥ፣ ስማ።»

ምንጣፍ አነጠፉልኝ። ጊታሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እስኪጨርሱ አልተነሣሁም።